የልጆች ፊልም የመጀመሪያ ደቂቃዎች

የልጆች ፊልም መክፈቻ የሚባለው ከመጀመሪያው ምስል ወይም ድምፅ አንሥቶ ዋናው ታሪክ መንገድ እስኪጀምር ድረስ ያለው ክፍል ነው። ርዝመቱ እንደ ፊልሙ ይለያያል፤ አንዳንዱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ አንዳንዱ ወደ አሥር ደቂቃ ይጠጋል። በዚህ አጭር ጊዜ ታሪኩ የት እንደሚፈጸም፣ ተመልካቹ ማንን መከተል እንዳለበት፣ በዚያ ዓለም ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል፣ ነገሩ የሚያስቅ ይሁን የሚያስፈራ መታወቅ አለበት። ለአዋቂ የተሠራ ፊልም ይህን ሁሉ ቀስ እያለ ቢገልጠው ችግር የለውም። አዋቂ ማስታወቂያውን አይቶ፣ የተዋናዮቹን ስም አውቆ፣ ትኬቱን ቆርጦ ነው የሚቀመጠው፤ ግራ ቢገባውም ይታገሣል። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ካልገባው ወዲያው ዞር ብሎ እናቱን ይጠይቃል፣ ወይም ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ይጀምራል።

ስለዚህ ጥሩ መክፈቻ ከሁሉ አስቀድሞ ፊልሙ እንዴት እንደሚታይ ለልጁ ያስተምረዋል። «ቶይ ስቶሪ» ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ለእይታ ሲበቃ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነበር። መጀመሪያ የሚታየው በሰማያዊ ላይ የተበተነ ነጭ ደመና ነው፤ ሰማይ ይመስላል፣ ግን የልጅ መኝታ ክፍል ግድግዳ ነው። አንዲ የተባለው ልጅ ከካርቶን ከተማ ሠርቶ ይጫወታል። የድንች ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ዘራፊ ይሆናል፣ ካውቦዩ ዉዲ ደርሶ ይይዘዋል። የሁሉንም ድምፅ የሚያወጣላቸው ልጁ ራሱ ነው፤ እነሱ እጅና እግራቸው ተዝለፍልፎ፣ ዓይናቸው ፈጦ ወዲያና ወዲህ ይወረወራሉ። ልጁ ከክፍሉ ሲወጣ ዉዲ ቀና ብሎ ይቀመጣል። በዚያች ቅጽበት ተመልካቹ የፊልሙን ሕግ ያውቃል፦ አሻንጉሊቶች ሕይወት አላቸው፣ ሰው ፊት ግን በድን ይሆናሉ። ማንም በቃል አልነገረውም። እስከ መጨረሻው ድረስ የሚመጣው ሩጫና መደበቅ ሁሉ በዚህች ሕግ ላይ የቆመ ነው።

የልጆች ፊልም መክፈቻ ልማዱን የወረሰው ከመጽሐፍ ነው። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው «ስኖው ኋይት» የሠራተኞቹ ስም ካለፈ በኋላ ያጌጠ መጽሐፍ ይታያል፤ ሽፋኑ ይገለጣል፣ ገጹ ይነበባል፣ ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዓለም ይገባል። መጽሐፉ በካሜራ የተቀረጸ እውነተኛ መጽሐፍ ነበር። በ1940 «ፒኖኪዮ»፣ በ1959 «ስሊፒንግ ቢዩቲ» በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ማታ ማታ መጽሐፍ እየተነበበለት ያደገ ልጅ ሽፋኑ ሲገለጥ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ዘዴው ይሠራል። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ግን ጽሑፉ እስኪያልፍ መጠበቅ ግዴታው ነው። ልማዱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የታየው በ2001 «ሽሬክ» ሲወጣ ነው። እሱም የሚጀምረው በሚገለጥ የተረት መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን የሚያነበው መጸዳጃ ቤት የተቀመጠው ሽሬክ ራሱ ነው፤ ልዕልቲቱ ስትድን ሲደርስ ይስቅና ገጹን ቀድዶ ለመጸዳጃ ወረቀት ይጠቀምበታል። ስልሳ ዓመት ያገለገለ ልማድ በአንድ የወረቀት መቀደድ ድምፅ ተገለበጠ፤ ልጁም ይህ ፊልም ልዑልና ልዕልትን በተለመደው ዓይን እንደማያይ ገባው።

ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ሌላ መንገድም አድጓል፤ ታሪኩን በቦታው መክፈት። በ1942 የወጣው «ባምቢ» ሲጀምር ካሜራው ንጋት ላይ በጫካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ፣ በጣም በዝግታ ይጓዛል። ሥዕል ሆኖ ሳለ ጥልቀት ያለው ነው፤ የቅርቡ ግንድ ቶሎ ያልፋል፣ የሩቁ ጭጋግ የቆመ ያህል ነው። ይህን ያስቻለው ዲዝኒ በ1937 «ዘ ኦልድ ሚል» በተባለ አጭር ፊልም የሞከረው ባለ ብዙ ደርብ ካሜራ ነው። ዛፉ፣ ቁጥቋጦውና ሰማዩ ለየብቻ በመስታወት ላይ ይሣላሉ፤ መስታወቶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ ተራርቀው ይደረደራሉ፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያቸዋል። እያንዳንዱ ደርብ በየራሱ ፍጥነት ሲገፋ ዓይን ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። ልጁ በዚህ ጫካ ውስጥ ለመኖር የሚያስፈልገውን ጊዜ አግኝቷል፤ አንድም ክስተት ሳይመጣ።

ይህ መንገድ ጫፍ የደረሰው በ1994 በ«ዘ ላየን ኪንግ» ነው። ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ የሠሩት ይህ ፊልም የሚከፈተው አራት ደቂቃ ያህል በሚወስድ፣ አንድም ንግግር በሌለበት ትዕይንት ነው። ጨለማው ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል የደቡብ አፍሪካዊው ሌቦ ኤም የዙሉ ጥሪ ያስተጋባል። ከዚያ ኤልተን ጆን ዜማውን የደረሰው፣ ቲም ራይስ ግጥሙን የጻፈው ዘፈን ይቀጥላል፣ እንስሳቱም ከየአቅጣጫው ወደ አንድ ድንጋይ ይጎርፋሉ። በመሐል አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ቅርንጫፍ ላይ ጉንዳኖች ቅጠል ተሸክመው ያልፋሉ፣ ወዲያው እነሱ ይደበዝዙና ከበስተኋላቸው የሚጋልቡት የሜዳ አህዮች ጥርት ብለው ይታያሉ። በእጅ በሚሣል ፊልም ትኩረት በራሱ አይለወጥም፤ ሆን ተብሎ፣ በብዙ ልፋት የሚሠራ ነው። ሠሪዎቹ የደከሙበት ምክንያት አለ። ንጉሡ ወደፊት ለልጁ የሚያስረዳው ነገር፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ ሁሉም የተያያዘ ነው የሚለው፣ በዚያች ጉንዳን ቀድሞ ታይቷል።

ሽማግሌው ዝንጀሮ ራፊኪ ቅሉን ሰብሮ ግልገሉን ግንባሩ ላይ ይቀባዋል፣ አፈር ይነሰንስበታል፣ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከደመናው መሐል ብርሃን ይወርዳል፣ እንስሳቱ ይሰግዳሉ። የከበሮ ምት ይመታና የፊልሙ ስም ይመጣል። ተመልካች የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው። ከስሙ በኋላ የምትታየው በጨለማ የምትሹለከለክ አንዲት አይጥ ናት፤ የንጉሡ ወንድም ስካር መዳፍ ይደፍናታል። በዓሉ ላይ ሁሉም ነበሩ፣ እሱ ብቻ አልነበረም። ፊልሙ ሁለት መክፈቻ አለው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ሥርዓቱን ያቆማል፣ ሁለተኛው ያንን ሥርዓት የሚጠላውን ያስተዋውቃል፤ የአንደኛው ግርማ የሌላውን ክፋት ያጎላዋል። የዲዝኒ ስቱዲዮ በመክፈቻው ኃይል ስለተማመነ ፊልሙ ገና ሳይወጣ፣ በ1993 ዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ ትዕይንቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳለ ማስታወቂያ አድርጎ በሲኒማ ቤቶች አሳይቶታል።

በ2009 የወጣው የፒክሳር «አፕ» ከሁሉም ይበልጥ ቀስ ብሎ መታየት ይገባዋል። ዳይሬክተሩ ፒት ዶክተር ነው። ታሪኩ የሰባ ስምንት ዓመቱ ካርል ቤቱን በሺዎች በሚቆጠሩ ፊኛዎች አስነሥቶ ወደ ደቡብ አሜሪካ እንዴት እንደሚበር ነው። ይህ ለልጅ አስደሳች ነው፤ ችግሩ ሽማግሌው ነጭናጫ መሆኑ ነው። ካርል ሰው አይወድም፣ በሩን የሚያንኳኳውን ልጅ ያባርራል። ልጅ ተመልካች እንዲህ ያለውን አዛውንት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚከተለው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው መክፈቻው ላይ ነው።

መጀመሪያ ካርል ልጅ ሆኖ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ የአንድ አሳሽ ዜና ፊልም ያያል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ባዶ ቤት ውስጥ እንደሱው አሳሽ ለመሆን የምትመኝ፣ ጥርሷ የወለቀ፣ ወሬኛ ልጅ ያገኛል፤ ኤሊ ናት። እሷ ታወራለች፣ እሱ ዝም ይላል። ከዚያ የሠርጋቸው ፎቶ ብልጭ ይላል፣ ንግግርም ከዚያ ያበቃል። ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የትዳራቸው ዕድሜ ሙሉ ያልፋል። ያንን የተገናኙበትን አሮጌ ቤት ይጠግናሉ። ኮረብታ ላይ ተጋድመው ደመና ያያሉ፤ ደመናው የሕፃን መልክ ይይዝላቸዋል። የሕፃን ክፍል ቀለም ይቀባሉ። ቀጥሎ የሚታየው የሐኪም ክፍል ነው፤ ኤሊ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች፣ ሐኪሙ እያስረዳ ነው፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ልጅ ተመልካች የሕክምናውን ነገር ላያውቅ ይችላል፤ ያ ክፍል ባዶ እንደሚቀር ግን ይገባዋል። ይህን በሦስት ምስል መንገር የቻለ ፊልም ጥቂት ነው።

ከዚያ የገንዘብ ማጠራቀሚያው ብርጭቆ ይመጣል። ባልና ሚስቱ ለሚመኙት የደቡብ አሜሪካ ጉዞ ሳንቲም ይጥሉበታል። ጎማ ይፈነዳል፣ ብርጭቆው ይሰበራል። እግር ይሰበራል፣ ብርጭቆውም እንዲሁ። ዛፍ ጣሪያ ላይ ይወድቃል፣ አሁንም ይሰበራል። ቀጥሎ ኤሊ የካርልን ክራቫት ታስራለች፤ አንዱ ክራቫት በሌላው ይተካል፣ ቀለሙና ስፋቱ ይለዋወጣል፣ በመጨረሻ የምታስረው ሴት ፀጉሯ ነጭ ነው። ዓመታቱን የሚቆጥር ጽሑፍ አልተጻፈም፤ ክራቫቱ ራሱ ይቆጥራቸዋል። ካርል ዘግይቶ ትኬት ሲገዛ ኤሊ ያቺን ኮረብታ መውጣት አቅቷት ትወድቃለች። ሆስፒታል ተኝታ የልጅነቷን የጉዞ መጽሐፍ ትሰጠዋለች። ከዚያ ካርል በተጋቡበት ቤተ ክርስቲያን ብቻውን ይቀመጣል፣ አንድ ፊኛ ይዞም ወደ ቤቱ ይገባል። ሞቱ ራሱ አልታየም።

የማይክል ጃኪኖ ሙዚቃ ይህን ሁሉ ያስተሳስረዋል። ዜማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ ሠርጉ ላይ ሞቅ ብሎ ይጨፈራል፣ ብርጭቆው ሲሰበር ይቸኩላል፣ ሐኪሙ ዘንድ ይለዝባል፣ መጨረሻ ላይ በፒያኖ ብቻ፣ በዝግታ ይቀራል። ጃኪኖ በዚህ ሥራው ኦስካር ተሸልሟል። መልኮቹም እንዲሁ ታስቦባቸዋል፤ ካርል አራት ማዕዘን ነው፣ ፊቱም መነጽሩም ወንበሩም፤ ኤሊ ክብ ናት፣ ቀለሟ ደማቅ ነው። እሷ ስትሄድ የቤቱ ቀለም ይደበዝዛል። ከዚህ በኋላ ካርል በሩን ጠርቅሞ ሲዘጋ ልጁ የሚያየው ነጭናጫ ሽማግሌ አይደለም። ቤቱ ከመሬት ሲነቀልም ለምን እንደሚሄድ ያውቃል፤ የማይቻለውን ነገር አምኖ የሚቀበለውም ለዚህ ነው።

የሚያስለቅስ ወይም የሚያስደነግጥ ነገር ግዴታ አይደለም። ሀያኦ ሚያዛኪ በ1988 በሠራው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» አባትና ሁለት ሴት ልጆቹ የቤት ዕቃ በተጫነበት መኪና ወደ ገጠር ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ዕቃው መሐል ተሸጉጠው ከረሜላ ይበላሉ፣ ሰው ሲያዩ ይደበቃሉ፣ ይስቃሉ። ያ ብቻ ነው። የልጅ ዓይን ግን አዲስ ቤት መግባትን ትልቅ ጉዳይ አድርጎ ስለሚያይ ከዚህ የበለጠ አያስፈልገውም። አልበርት ላሞሪስ በ1956 በሠራው የሠላሳ አራት ደቂቃ ፊልም «ቀዩ ፊኛ» ደግሞ አንድ የፓሪስ ልጅ ቦርሳውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲወርድ ድመት ይዳብሳል፣ ከመንገድ መብራት ላይ የተጠመጠመ ፊኛ ያያል፣ ወጥቶ ያወርደዋል። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ኦስካር ያገኘው በድርሰት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቆጣቢው የኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ መክፈቻ ነው። ኪያሮስታሚ የራሱን ፊልም ከመሥራቱ በፊት ለሌሎች ዳይሬክተሮች የስም መክፈቻ ያዘጋጅ ነበር፤ በኋላም በቴህራን ለልጆች ፊልም በሚሠራ ተቋም ውስጥ ዓመታት አሳልፏል። በ1987 የወጣው «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» ሲጀምር የሚታየው የመማሪያ ክፍል በር ነው። ካሜራው አይንቀሳቀስም። ስሞቹ በሩ ላይ ያልፋሉ፣ ከጀርባው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። መምህሩ መጥቶ ሲከፍተው ጫጫታው ይሞታል። ከዚያ የቤት ሥራ ማየት ይጀምራል፤ አንድ ልጅ ደብተሩ ላይ በመጻፍ ፈንታ ብጫቂ ወረቀት ላይ ሠርቷል። መምህሩ ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ሌላ ጊዜ ቢደገም ከትምህርት ቤት እንደሚያባርረው ይነግረዋል። ልጁ ያለቅሳል፣ ጎኑ የተቀመጠው አህመድ ያየዋል። ከትምህርት በኋላ አህመድ የዚያን ልጅ ደብተር በስሕተት ቤቱ ይዞት መምጣቱን ሲያውቅ ተመልካቹ ልቡ ድንግጥ ይላል። ደብተር ከጓደኛ ወደ ጓደኛ መመለስ ያን ያህል የሚያስጨንቅ ጉዳይ የሆነው በዚያ በር በኩል ስለገባን ነው።

ንግግርን መቀነስ ዋጋ እንዳለው እነዚህ ሁሉ ያሳያሉ፤ ግን ቃል ራሱ ክስተት ከሆነ ያለ ምስል ብልሃት ይሠራል። ልጅነቱን በጊኒ ያሳለፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ በ1998 ያወጣው «ኪሪኩ» በአንዲት የምዕራብ አፍሪካ መንደር ይከፈታል። ነፍሰ ጡር ሴት ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከሆዷ ውስጥ ድምፅ ወጥቶ እንድትወልደው ይጠይቃታል። እሷም ሆድ ውስጥ ሆኖ መናገር የቻለ ራሱን መውለድ አያቅተውም የሚል መልስ ትሰጠዋለች። ሕፃኑ ወጥቶ እትብቱን ራሱ ይቆርጣል፣ ስሙን ይናገራል፣ አባቱ የት እንዳለ ይጠይቃል። እናቱ አባቱም አጎቶቹም ጠንቋይዋን ካራባን ሊዋጉ ሄደው እንደጠፉ፣ የቀረው የመጨረሻው አጎቱ አሁን መንገድ ላይ መሆኑን ትነግረዋለች። ኪሪኩ ይሮጣል፣ ታሪኩም ተጀምሯል። ጥያቄና መልሱ አጭር፣ ፈጣን፣ የሽማግሌ ተረት ወግ ያለው ነው። የፈረንሳይኛው ፊልም ድምፆች የተቀረጹት በዳካር ነው፤ ሙዚቃውን የሠራው ዩሱ ንዱር ነው።

ይህ ወግ ለአማርኛ ተረት ሰሚም እንግዳ አይደለም። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው እስኪመልሱ ድረስ ታሪኩ አይጀመርም፤ መልሱ መስማማት ነው፣ ከዚህ በኋላ እንስሳ ቢናገር የሚደነቅ የለም። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት የልጆችን ፕሮግራም ሲከፍቱ ልጆቹን የዛሬ አበባ የነገ ፍሬ እያሉ የሚሰጡት ሰላምታም ይህንኑ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ሰዓቱ የልጆች መሆኑ በዚያ ይታወቃል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ፕሮግራምም በቀጭኔዋ አሻንጉሊት ፀሐይ ይኸንን መግቢያ ወደ ምስል አምጥቶታል። ለአገር ልጅ ፊልም የሚሠራ ሰው የሰሚውን መልስ በምስል እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል ቢያስብበት ከሌላ አገር መክፈቻ ከመቅዳት የበለጠ ያተርፋል።

መክፈቻ የሚሠራው ወረቀት ላይ ነው። ድርሰቱ ከተጻፈ በኋላ ሠዓሊዎች እያንዳንዱን ምስል በትንንሽ ሥዕል ሠርተው ግድግዳ ላይ በተርታ ይለጥፉታል፤ ስቶሪቦርድ የሚባለው ይህ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዲዝኒ ስቱዲዮ ከዳበረ ወዲህ በሁሉም ዘንድ ይሠራበታል። ቀጥሎ ሥዕሎቹ በየቆይታቸው ተቀናብረው፣ ጊዜያዊ ድምፅና ሙዚቃ ተጨምሮባቸው እንደ ፊልም ይታያሉ፤ ይህ አኒማቲክ ይባላል። አንድ ሰከንድ ፊልም ሃያ አራት ምስል ነው፤ አራት ደቂቃ 5,760 ምስል ይሆናል። የማይጠቅም ትዕይንት ሠርቶ መጣል ስቱዲዮን ስለሚያከስር በአኒሜሽን ቅንብሩ የሚሠራው ሥዕሉ ከመጠናቀቁ በፊት ነው።

አኒማቲኩ ላይ ብዙ ነገር ይወድቃል። ሮኒ ዴል ካርመን ስቶሪቦርዱን የሠራው የ«አፕ» ትዳር ትዕይንት መጀመሪያ ላይ ንግግርና የአካባቢ ድምፅ ነበረው፤ ሲታይ ሙዚቃው ብቻውን የበለጠ ስለተናገረ ሁሉም ወጣ። የ«ዘ ላየን ኪንግ» መክፈቻም እንዲሁ ንግግር ታስቦለት ነበር፤ ሙዚቃው ሲመጣ ቃሉ ትርፍ ሆነ። ከሁሉ የሚያስተምረው የ«ፋይንዲንግ ኒሞ» ነው። ዳይሬክተሩ አንድሩ ስታንተን የዓሣው ማርሊን ሚስት እንዴት እንደሞተች በፊልሙ ውስጥ በየቦታው በትዝታ እየቆራረጠ ሊገልጥ አስቦ ነበር። ተመልካች ሲያየው ግን ማርሊን ልጁን መፈናፈኛ የሚያሳጣ፣ ሰው የሚያሰለች አባት ሆነ። ያን ሁሉ ትዝታ አንድ ላይ አድርጎ ወደ መጀመሪያው ሲያመጣው፣ ያው ማርሊን፣ ያንኑ እየተናገረ፣ የሚታዘንለት ሆነ። በ2003 የወጣው ፊልም የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ባራኩዳ የተባለው አጥቂ ዓሣ ይመጣል፣ ከአራት መቶ በላይ እንቁላል ይጠፋል፣ አንድ ስንጥቅ እንቁላል ይቀራል። የልጁ የኒሞ አንድ ክንፍ ለምን እንዳነሰ ያ ስንጥቅ ይናገራል፤ አባቱ ለምን እንደሚፈራም።

ስለ ፍርሃት መጠን ሲነሣም ይህ ትዕይንት ትክክለኛ ሚዛን አለው። ባራኩዳው ሲወረወር ማርሊን ተመትቶ ይስታል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ሲነቃ ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ሚስቱ የለችም። አንድም የሚያስጠላ ምስል አልታየም። የትንሽ ልጅ ፊልም ላይ ድርጊቱን ዘልሎ ውጤቱን ማሳየት ጭካኔውን ያለዝባል፣ ሐዘኑን ግን አያጠፋውም። ልጅን ከሐዘን ሁሉ መጠበቅ አለብን የሚሉ መክፈቻዎች ብዙውን ጊዜ ባዶ ሆነው ይቀራሉ።

ድምፅ ከምስል ጋር ሲጋጭ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈጠራል። ስታንተን በ2008 በሠራው «ዎል-ኢ» ከዋክብት ላይ ከቆየ የሙዚቃ ድራማ የተወሰደ ደስ የሚል ዘፈን ይሰማል፤ ምስሉ ወደ ምድር ሲወርድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሚመስለው ሁሉ የቆሻሻ ክምር ነው። ሰዎች የት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ቃል ሳይተነፈስ ተነሥቷል። የስም ዝርዝሩም ቢሆን ችላ የሚባል ክፍል አይደለም። በ1963 የወጣው የአዋቂዎች ፊልም «ዘ ፒንክ ፓንተር» ለስሞቹ ብቻ የተሣለ ሮዝ ነብር ነበረው፤ ነብሩ ከፊልሙ ይልቅ ስለተወደደ በዓመቱ የራሱ የካርቱን ተከታታይ ተሠራለት። በ2001 «ሞንስተርስ ኢንክ.» ላይ ከወረቀት የተቆረጡ የሚመስሉ በሮች በጃዝ ሙዚቃ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ የፊልሙ ጭራቆች ወደ ልጆች ክፍል የሚገቡት በበር ስለሆነ ስሞቹ እየተነበቡ ዓለሙ ቀድሞ ተዋወቀ።

የተሠራው መክፈቻ በልጆች ፊት መፈተን አለበት። በ1969 የተጀመረው የአሜሪካ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም «ሰሳሚ ስትሪት» ሲዘጋጅ ተመራማሪው ኤድዋርድ ፓልመር ከቴሌቪዥኑ ጎን በየሰባት ሰከንድ ተኩሉ ሥዕል የሚለዋውጥ ማሳያ አስቀምጦ ልጆቹ መቼ ዓይናቸውን እንደሚያዞሩ ይመዘግብ ነበር። ዓይን የዞረበት ቦታ መጠገን ያለበት ቦታ ነው። ዛሬም ትልልቅ ስቱዲዮዎች ፊልማቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለተመልካች እያሳዩ ይፈትሻሉ፤ ጥቂት ልጆች ሰብስቦ በላፕቶፕ ማሳየት ደግሞ ለማንም አይከብድም።

አነስተኛ አቅም ያለው ሠሪም ይህን ሥራ መማር ይችላል። በእንግሊዝ የሚዲያ ትምህርት የሚማሩ ተማሪዎች ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ የአንድ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ ከነስም ዝርዝሩ እንዲሠሩ ለዓመታት ይታዘዙ ነበር። ሙሉ ፊልም መሥራት ሳያስፈልግ ቀረጻ፣ ድምፅ፣ ቅንብርና ጽሑፍ ሁሉም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለሚፈተኑ ጥሩ ሥራ ነው። በስልክ የሚቀርጽ ሰው ካሜራውን በልጅ ዓይን ቁመት ቢይዘው፣ ጠረጴዛውም በሩም አዋቂውም የሚታዩት በልጅ መጠን ይሆናል። ተራኪ ድምፅ ለማስገባት ሲፈተን ትዕይንቱን አንድ ጊዜ ያለ ተራኪው ይመልከተው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተራኪው የሚናገረው ምስሉ ያሳየውን ነው። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚስቱት ልጁ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ሲታጠብ፣ ቁርስ ሲበላ በማሳየት ነው፤ የሚፈልገው ነገር ሳይታወቅ ሁለቱ ደቂቃ ያልቃል።

መክፈቻን ለመተንተን ደግሞ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ድምፁን ዘግቶ ማየት፤ ታሪኩ ያለ ድምፅ ምን ያህል እንደሚገባ ይታወቃል። ቀጥሎ ስክሪኑን ሸፍኖ ድምፁን ብቻ ማዳመጥ። ከዚያ በየምስሉ እያቆሙ ሰንጠረዥ መሙላት፦ ምስሉ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ከቅርብ ነው ከሩቅ፣ ካሜራው ከማን ቁመት ያያል፣ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል፣ የትኛው ቀለም ጎልቷል፣ ምን ይሰማል፣ ከዚህ ምስል በፊት ያልታወቀ ምን አዲስ ነገር ታወቀ። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ባዶ የሚሆንባቸው ምስሎች ሲበዙ መክፈቻው እየተንዛዛ ነው፣ በአንድ ምስል ውስጥ ሦስት አራት አዲስ ነገር ሲታጨቅ ደግሞ ልጁ ወደ ኋላ እየቀረ ነው። «አፕ»ን በዚህ መንገድ የሞላ ሰው በትዳሩ ትዕይንት የንግግር ዓምዱ ባዶ ሆኖ የአዲስ ነገር ዓምዱ ሙሉ እንደሆነ ያያል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ሰንጠረዡ መመለስም ይጠቅማል። በመክፈቻው የታየ ዕቃ፣ ዜማ ወይም ቀለም የት ቦታ ዳግመኛ እንደመጣ ምልክት ይደረግበታል፤ ተመልሶ ያልመጣ ነገር ከበዛ መክፈቻው ለሌላ ፊልም የተሠራ ይመስላል። በመጨረሻም ፊልሙን ካላየ ልጅ ጋር ተቀምጦ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ከነሰዓታቸው መጻፍ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ «ይሄ ማነው?» የሚል ከሆነ መክፈቻው ላይ የጎደለ ምስል አለ። «አሁን ምን ሊሆን ነው?» የሚል ከሆነ ግን ምንም መንካት አያስፈልግም።